8,439 ፎቶ ለአንድ ሥዕል

ባለፈው ዓመት ክረምት አምስተርዳም ልጄ ዘንድ ሦስት ወር ሰንብቼ ነበር። ክረምት ስል የኛን ማለቴ ነው፤ እዚያ በጋ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ሹራቤን ያወለቅሁባቸውን ቀናት በጣቶቼ መቁጠር እችላለሁ። የሄድኩት የልጅ ልጄን ልጠግባት ብዬ ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለችም፤ ፊደል ግን አልቆጠረችም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ትጥልና ታብሌቷን ይዛ ሶፋው ጥግ ትቀመጣለች። እኔ ሌላኛው ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። መሀላችን አንድ ትልቅ ትራስ አለ። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ያቀረቀረች ልጅ ማጅራት ለማየት ነው ወይ እያልኩ አማርር ነበር። በልቤ ብቻ ሳይሆን ለእናቷም ጭምር።

አንድ ቅዳሜ ልጄ ሁለታችንንም ይዛ ራይክስሙዝየም ወደሚባለው ትልቅ ቤተ መዘክር ወሰደችን። እዚያ ብዙው ሰው የሚጎርፈው አንድ ሥዕል ለማየት ነው፤ «የሌሊት ዘብ» ይሉታል። ሬምብራንት የተባለው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1642 የሠራው፣ የከተማ ጠባቂዎች ከነመሣሪያቸው ሲንቀሳቀሱ የሚያሳይ ነው። ስሙ ሌሊት ይበል እንጂ ነገሩ የሚታየው በቀን ነው፤ ላዩ ላይ የተቀባው መከላከያ ቅባት በዘመን ብዛት ስለጠቆረ ነው ስሙ የወጣለት። ቁመቱ ወደ 3.8 ሜትር፣ ወርዱ ወደ 4.5 ሜትር ይደርሳል። የብዙዎቻችንን የሳሎን ግድግዳ ይሸፍናል። ሥዕሉ በመስታወት ክፍል ተከልሏል፤ ባለሙያዎች እዚያ ውስጥ ሆነው፣ ሕዝብ እያያቸው ይመረምሩታል። ከመስታወቱ ወዲህ ደግሞ ስልኩን ሽቅብ የያዘ ሰው ጢም ብሏል። እኔ ቀኝ ዓይኔን ሞራ ጀምሮታል፣ ቁመቴም የሚያኮራ አይደለም። ያየሁት የብዙ ሰው ትከሻ፣ ከትከሻው ወዲያ አንድ ጥቁር ነገር፣ በጥቁሩ መሀል ቢጫ የለበሰ ሰው ነው።

«እማማ፣ ግድ የለም። ቤት ስንሄድ በደንብ እናየዋለን» አለችኝ የልጅ ልጄ።

ተቀየምኩ። ዋናው ፊቴ ተሰቅሎ እያለ በታብሌት አሳይሻለሁ ማለት ምን ማለት ነው?

ማታ እራት ከበላን በኋላ ትራሱን አንስታ መሬት ላይ ጣለችና አጠገቤ መጣች። ሥዕሉን ከፈተችው። መጀመሪያ ሙሉውን፣ ልክ ፖስት ካርድ ላይ እንደሚታየው። ቀጥላ በሁለት ጣቶቿ ዘረጋችው። ካፒቴኑ ፊት መጣ። ደግማ ዘረጋችው። ወደ ፊት የዘረጋው እጁ ጥላ ቢጫ በለበሰው ጓዱ ልብስ ላይ አርፎ አየሁት። ከኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ የወርቅ ቀለም ቀሚስ ለብሳ፣ ከመቀነቷ ላይ የሞተች ዶሮ ተንጠልጥላለች። በስተቀኝ በኩል ከከበሮ መቺው ሥር አንድ ውሻ አለ፤ የልጅ ልጄ የምትወደው እሱን ነው። ወደ ውሻው ሄደች። ወደ ዓይኑ ገባች። አሁንም ዘረጋችው። ውሻነቱ ቀረና ቀለም ብቻ ሆነ፤ የተሰነጣጠቀ፣ ክረምት የራቀው የጥቁር አፈር ማሳ የመሰለ። በስንጥቁና በስንጥቁ መካከል የብሩሹ ፀጉር የሄደበት መስመር ይታያል። ያኛው ሰውዬ ከ380 ዓመት በፊት እጁን ያሳረፈበት ቦታ ነው።

«ከዚህ በላይስ?» አልኳት።

«በቃ፣ አለቀ» አለችኝና የተጻፈውን አነበበችልኝ። በዚህ ፎቶ ላይ በአንዱ ነጥብና በሚቀጥለው ነጥብ መካከል ያለው ርቀት 5 ማይክሮሜትር ነው። የአንድ ሚሊሜትር ሁለት መቶኛ።

እዚህ ላይ የነርስነቴ ነገር ተቀሰቀሰ። ቀይ የደም ሕዋስ ከዳር እስከ ዳር 7 ወይም 8 ማይክሮሜትር ያህላል። የዚህ ፎቶ አንዲት ነጥብ ከአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ታንሳለች ማለት ነው። የሳሎን ግድግዳ የሚያህል ሥዕል፣ በማይክሮስኮፕ እንደምናየው ጠብታ ደም! ለልጅቷ ስነግራት አላመነችኝም፤ ፈልጋ አረጋገጠችና «እውነትሽን ነው» ብላ በአክብሮት አየችኝ። ከመጣሁ የመጀመሪያው አክብሮት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችንም ይህ ነገር እንዴት እንደተሠራ ካላወቅን እንቅልፍ አይወስደንም አልን። እሷ በሆላንድኛ ታነባለች፣ ትተረጉምልኛለች፤ እኔ እጠይቃለሁ።

ቤተ መዘክሩ በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2020፣ 528 ፎቶዎችን ገጣጥሞ 44.8 ጊጋፒክስል ምስል አወጣ። ጊጋፒክስል ማለት አንድ ቢሊዮን ነጥብ ነው። በጥር 2022 ደግሞ ያንን ያስናቀውን አወጣ፤ 8,439 ፎቶዎች ተገጣጥመው የተሠራ 717 ጊጋፒክስል። ካሜራው 100 ሜጋፒክስል የሚያነሳ ሃሰልብላድ የሚባል ነው፤ ሆኖም አንድ ጊዜ ሲያነሳ የሚወስደው 5.5 በ4.1 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ የክብሪት ቀፎ ያህል መሆኑ ነው። ያን ትልቅ ሥዕል በክብሪት ቀፎ፣ በክብሪት ቀፎ አድርጎ መጨረስ። ውጤቱ 5.6 ቴራባይት ቦታ ይይዛል፤ 128 ጊጋባይት ከሚይዙ ስልኮች ከአርባ በላይ የሚሞላ ነው።

ይህን ሰው ቆሞ በእጁ ልሥራው ቢል አይሆንለትም። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ወገብ ይደክማል፣ ሰው ቁጥር ይስታል። ስለዚህ ካሜራውን የሚያንቀሳቅሰው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን ነው። አንዱን ያነሳል፣ ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ጎን ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ያነሳል። ረድፉ ሲያልቅ ወደ ሚቀጥለው ረድፍ። እያንዳንዱ ፎቶ የጎረቤቱን ጠርዝ ጥቂት ደርቦ ይወስዳል፤ ኋላ ኮምፒውተሩ ሲገጣጥም በተደረበው ላይ ምልክት እየፈለገ ነው የሚሰፋው። ደርቦ ካልወሰደ መስፊያ የለውም፤ ሁለት ጨርቅ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ ያለ ትርፍ ለመስፋት እንደመሞከር ይሆናል። የፎቶዎቹን ጥራትና የቀለም መመሳሰል ለመቆጣጠርም ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያወራለትን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጠቅመዋል።

ሌላው ችግር ጥርት አድርጎ ማየት ነው፤ እሱም ለእኔ አዲስ አልነበረም። ጤና ጣቢያ ስሠራ የላብራቶሪ ባለሙያችን ለወሊድ ሲወጣ የወባ ደም ማየት ተምሬ ነበር። (ለወሊድ የወጣው ሚስቱ ስትወልድ ነው፤ በዚያ ዘመን ለአባት ፈቃድ የሰጠ አለቃ ነበረን።) መስታወቱ ላይ ዘይት ጠብ ይደረግና መቶ እጥፍ የሚያጎላው ሌንስ ይጠጋል። በዚያ ሌንስ ሲታይ ጥርት ብሎ የሚታየው እጅግ ስስ ንብርብር ነው። ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ይጠፋል፤ የግራ እጅ መስታወቱን ሲገፋ የቀኝ እጅ ጣት ማስተካከያዋን እያሸች መዋል አለባት። ካሜራም ወደ ነገሩ በጣም ሲጠጋ እንደዚሁ ነው። ሥዕል ደግሞ ጠፍጣፋ ይምሰል እንጂ አይደለም፤ ሬምብራንት ቀለሙን እንደ ገንፎ እየቆለለ የሚቀባ ሰው ነበር፤ ሸራውም ያብጣል፣ ይጎብጣል። ስለዚህ ማሽኑ በየክብሪት ቀፎው ላይ ርቀቱን እንደገና ማስተካከል አለበት።

ጉግል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ለየቤተ መዘክሩ እያዟዟረ ሥዕል የሚያነሳበት ራሱን የቻለ የሥዕል ካሜራ ይፋ ሲያደርግ፣ ርቀት የሚለካው በሌዘርና በድምፅ ነው ብሏል። እንደ ሌሊት ወፍ፣ ሰው የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ይልካል፣ ድምፁ ሥዕሉን ነክቶ ሲመለስ ርቀቱን ያውቃል፣ ሌንሱን ያስተካክላል። እናቶች ሆዳቸው ላይ ቅባት ተቀብተው የሚያዩት አልትራሳውንድም መሠረቱ ይኸው ነው። ቀድሞ ለአንድ ሥዕል ቀኑን ሙሉ ይፈጅ የነበረው ሥራ በዚህ ካሜራ በግማሽ ሰዓት ገደማ ያልቃል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ሁለት መቶ ገደማ ሥዕሎች ብቻ እንዲህ ተነሥተው ነበር፤ ካሜራው ከመጣ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ሺህ ደረሱ።

የነገሩን አመጣጥ ስታነብልኝ የልጅ ልጄ ታብሌቱን አስቀምጣ ተነሣች፤ እንዲህ ያለ ነገር ስታገኝ ቁጭ ብላ አታወራም። ነገሩ ወደ ማርስ ይወስዳል። በጥር 2004 ናሳ ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ የተባሉ ሁለት ባለ ጎማ ሮቦቶችን ማርስ ላይ አሳረፈ። በአንገታቸው ላይ ያለው ካሜራ በአንድ ጊዜ የሚያነሳው አንድ ሜጋፒክስል ገደማ ብቻ ነበር፤ ዛሬ በጣም ርካሹ ስልክ ያስንቀዋል። እኛ ያየናቸው ሰፋፊ የማርስ ፎቶዎች የተገኙት አንገቱ ቀስ እያለ እየዞረ፣ ትንንሽ ፎቶዎችን ደርቦ ደርቦ እያነሣ፣ እዚህ ምድር ላይ ተገጣጥመው ነው። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲና ናሳ ይህንኑ ዘዴ ለተራ ሰው አመጡት፤ ጊጋፓን አሉት። በባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ሞተር ያለው ራስ ነው። ካሜራችሁን ትጭኑበታላችሁ፤ የምትፈልጉትን ዕይታ የላይኛውን ግራ ማዕዘን ታሳዩታላችሁ፣ ከዚያ የታችኛውን ቀኝ ማዕዘን። ስንት ረድፍ፣ በየረድፉ ስንት ፎቶ እንደሚያስፈልግ ራሱ ያሰላል። ከመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች አንዳንዶቹ የካሜራውን ቁልፍ በሜካኒካል ጣት ተጭነው ነበር የሚያነሡት። ልጅቷን ያሳቃት ይሄ ጣት ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ የቤቱን መብራት ቀጥ ባለ አንድ ጣት ስታበራና ስታጠፋ ዋለች።

በጥር 20 ቀን 2009 ባራክ ኦባማ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ዴቪድ በርግማን የተባለ ፎቶ አንሺ በዚህ መሣሪያ 220 ፎቶ አንሥቶ 1,474 ሜጋፒክስል ምስል ሠራ። እዚያ የነበረ ሰው በሕዝቡ መሀል የራሱን ፊት ፈልጎ ማግኘት ይችል ነበር። ደስ ይላል፤ ግን ልብ በሉ፣ በሰው መሀል ገብቼ ማን ያየኛል ማለት በዚያ ቀን አበቃ።

በዚህ መሐል ልጅቷ አንድ ነገር አስተማረችኝ፣ እናንተም ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ጣታችሁን ፊታችሁ ቀጥ አድርጉና ከበስተኋላው የመስኮቱን ጠርዝ እዩ። አሁን ጣታችሁን ሳታንቀሳቅሱ አንገታችሁን ብቻ አዙሩ። ጣታችሁ ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ ሲሸሽ ታያላችሁ። ይህ የሆነው ዓይናችን ያለው አንገታችን በሚዞርበት ዘንግ ላይ ስላልሆነ ነው። ካሜራም ሲዞር ሌንሱ ውስጥ ባለ አንድ ልክ ነጥብ ላይ ካልዞረ የቅርቡና የሩቁ ነገር ይሸሻሻሉ፤ ሲገጣጠም አጥሩ ከቤቱ ጋር አልገጥም ይላል። ለዚህ ነው የማዞሪያው ራስ ካሜራውን ወደ ኋላ ስቦ የሚይዘው። ለተራራና ለከተማ ዕይታ መዞር ደግ ነው። ለሥዕል ግን መዞር አይሆንም፤ ዳሩን አግድሞ ስለሚያይ ዳሩ ይጣመማል፣ ይደበዝዛልም። ለሥዕል ካሜራው ራሱ፣ ፊቱን ቀጥ እንዳደረገ፣ ወደ ጎን መሄድ አለበት።

ስለሚዞረው ሳስብ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ትዝ አለኝ። የጣሪያውን መላእክት ያላየ አንባቢ ብዙ የለም፤ ከመቶ በላይ ፊቶች ሁሉም ዓይናቸውን ወደ ታች ልከው ይመለከቱናል። እኔ አንጋጥጬ አሥር የሚሆኑትን አይቼ አንገቴን አመመኝና ወጣሁ። እያንዳንዱን ፊት በየተራ፣ ሳይነኩት፣ ያለ መሰላል፣ ቤታችን ቁጭ ብለን ብናይ እላለሁ። እስካሁን ሁሉንም አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ የሚል ሰው አላገኘሁም።

እዚህ ላይ ለልጅ ልጄ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ የስኳር በሽተኛ ልብስ ሰፊ ለክትትል ይመጣ ነበር። የእግር መኪና ነበር የሚረግጠው። ስኳር ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ እሾህ ቢወጋው፣ ጫማ ቢልጠው ሰውየው አይሰማውም፤ ስለዚህ ለእሱ የምናየው እኛ ነን። ያን ቀን ወረፋው በር ድረስ ነበር። ጫማውን አስወለቅሁት፣ ከላይ አየሁ፣ መርገጫውን አየሁ፣ «ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ። ጣቶቹን አልገለጥኩም። በሦስተኛው ሳምንት ሲመጣ ከመግባቱ በፊት ሽታው ገባ። ቁስሉ በአራተኛውና በትንሿ ጣት መሀል ነበር። ወደ ሆስፒታል ተላከ፣ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ቁስሉ ያን ቀን ነበር ወይ አልነበረም፣ አላውቅም። የማውቀው አለማየቴን ነው። ከወራት በኋላ በክራንች እየተደገፈ መጣ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ የቀረችውን እግሩን ጫማ ራሱ አወለቀና «ሲስተር፣ ይችኛዋን ግን ደህና አድርገሽ እያት» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል እግር ሳይ ከአውራ ጣት ጀምሬ፣ በጣትና በጣት መሀል እየገለጥኩ፣ ተረከዝ ላይ ጨርሼ፣ ያየሁትን ትንሽ ደግሜ እያየሁ ነው ወደሚቀጥለው የምሄደው። ያቺ የወባ መስታወትም እንዲሁ ናት። አንድ መቶ ፊልድ ሳይታይ «ወባ የለም» አይባልም፤ እሱም እንደ ፈለጉ እየዘለሉ ሳይሆን፣ በመስመር ሄዶ፣ ወረድ ብሎ፣ በመስመር ተመልሶ። ማሽኑ «የሌሊት ዘብ» ላይ የሄደበትን መንገድ ልጅቷ በሥዕል ስታሳየኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። እሷ ደከመሽ ወይ አለችኝ።

ሥዕሉ ራሱም ቁስለኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ ሰው በቢላ ደጋግሞ ሸንትሮታል። ተጠግኗል፣ ነገር ግን ጠጋ ተብሎ ሲታይ ምልክቱ አለ። በ1990 ደግሞ ሌላ ሰው አሲድ ረጨበት፤ ቶሎ ውኃ ስለደረሰለት ተረፈ። በ1715 ወደ ሌላ አዳራሽ ሲያዛውሩት አልገባ ስላላቸው ዳር ዳሩን ቆርጠው ጣሉት፤ ያ ቁራጭ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እንዲህ ዓይነት በሽተኛ ካርድ ያስፈልገዋል። የፎቶው ትልቁ ጥቅምም ይህ ነው፤ ለማሳየት ብቻ አይደለም። ከዓመታት በኋላ እንደገና ቢያነሱት የትኛው ስንጥቅ እንደሰፋ፣ የትኛው ቀለም እንደተነሣ አወዳድረው ያውቃሉ። ለልጆቻችን ክብደት የምንሞላው የመከታተያ ካርድ ማለት ነው፤ አንዱ ቀን የተመዘነው ብቻውን ብዙ አይናገርም።

የልጄ ሳሎን ውስጥ የንግሥተ ሳባ ታሪክ በ44 ክፍል የተሣለበት ሸራ ተሰቅሏል። ውጭ የሚኖሩ ዘመዶች ቤት የሄደ ያውቀዋል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፒያሳ ገዝቶ ለሠርጓ የሰጣት ነው። የልጅ ልጄ «የኛንም እናንሣው» አለች።

የመጀመሪያው ቀን አሳፋሪ ነበር። የእናቷን ስልክ በእጇ ይዛ ሃያ የሚሆን ፎቶ አነሣች። ሲገጣጠም ንግሥቲቱ ሁለት ራስ ኖሯት ወጣች፣ ሰሎሞን ከወገቡ በታች የለም፣ በመሀል የሳሎኑ መብራት እንደ ፀሐይ ያበራል። ርቀቱ አንድ አልነበረም፣ እጇም ዘንበል ቀና ይላል፣ አልደረበችም።

እሑድ ዕለት እንደገና ጀመርን። ሸራውን አውርደን፣ የመስኮት ብርሃን ከሁለቱም ጎን በሚመጣበት ግድግዳ ላይ አቆምነው። መብራት አጠፋን። የልብስ መተኮሻውን ሰሌዳ ፊት ለፊቱ ዘረጋንና ላዩ ላይ የጫማ ካርቶን አስቀመጥን፤ ስልኩ በካርቶኑ ቀዳዳ ያያል። ሰሌዳው ላይ በስፌት ሜትር ምልክት አደረግን። ካርቶኑን ከምልክት ወደ ምልክት እገፋለሁ፣ እሷ ከነካችው በኋላ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ እንዲያነሣ አደረገችው፣ እጅ እንዳያርገበግበው። ከፊቱ ፎቶ አንድ ሦስተኛውን እየደረብን፣ ረድፍ ሲያልቅ የሰሌዳውን እግር እያወረድን። በየረድፉ አሥራ ሁለት፣ ስምንት ረድፍ፤ ዘጠና ስድስት ፎቶ። ምሳ አልበላንም። ልጄ ከሥራ ስትመለስ ሸሚዝ የምትተኩስበት አጥታ ቆማ አየችን።

ማታ ኮምፒውተሩ ገጣጠመው፤ ገጠመ። በደስታ እልል አልኩ፤ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ጠጋ ብለን ስናየው ግን የታችኛው ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተልጦ፣ በትንሹ ወደ ላይ ተጠቅልሏል። ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ ሲላጥ እንደሚሆነው ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ተሰቅሎ የኖረው ከክፍል ማሞቂያው በላይ ነበር። ማንም አላየም፤ ከሩቅ ሲታይ ደህና ነው። ልጄ በዚያው ማታ ምስማሩን ከሌላኛው ግድግዳ ላይ መታች፤ ፎቶውንም ከቀኑ ጋር አስቀመጥነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግመን አንሥተን ልናወዳድር።

ሌላም ነገር ተገኘ። ከእያንዳንዱ ክፍል ሥር ትንሽ የእጅ ጽሑፍ አለች። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ሥዕሉን የምታውቀው እንደ ጌጥ ነው፤ ጽሑፍ መሆኑን እንኳ ልብ አላለችም። አሁን ታብሌቱ ላይ ስትዘረጋው ፊደሉ እንደ ሰሌዳ ጽሑፍ ጎልቶ ወጣ። «ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት። ዘንዶው። የሚቀጥለውስ? ነጋዴው ታምሪን። እሷ ጣቷን ፊደሉ ላይ እያደረገች፣ እኔ እየጠራሁ፣ በየማታው ሦስት ሦስት ክፍል ሄድን። «ን» እና «ነ» የሚለዩበትን በአራተኛው ቀን ያዘች። ስለ ታብሌት ያለኝ ቅሬታ ሙሉ በሙሉ ጠፋ አልላችሁም። ብቻዋን ይዛው ጥግ ስትቀመጥ ዛሬም ያናድደኛል። ለሁለት ሲያዝ ግን ሌላ ዕቃ ነው፤ መጽሐፍ ለሁለት እንደማንበብ ነው።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ በስልክ ቀጠልን። በየእሑዱ አንድ ክፍል ቆርጣ ትልክልኛለች፣ ጽሑፉን በድምፅ ራሷ ታነበዋለች፣ እኔ አርማለሁ። ባለፈው እሑድ የላከችው ግን ድምፅ አልነበረም፤ ደወለች።

«እማማ፣ ቆጠርኩት» አለችኝ። «ያነበብሽልኝና ያነበብኩት ሲደመር አርባ ሦስት ነው። አንዱን ዘለሽዋል። ከግብሩ በኋላ ያለውን፣ ማታ ንግሥቲቱ ውኃ የምትጠጣበትን። ጽሑፉን ጀምሬዋለሁ፣ አንድ ቃል ግን አልገባኝም።»

ታሪኩን የምታውቁ ለምን እንደዘለልኩት ይገባችኋል።

«እናትሽ አለች?» አልኳት። «ስልኩን እስቲ ለእሷ ስጫት።»